ደምለውና የሞጣው ትራክተር

ደምለው ትልቅ ነገር ሲያይ ልቡ አይቀመጥም። ከቢቸና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በምትርቀው መንደሩ ጎጆ ሲወጣ ምሰሶውን ከጎረቤቱ ሁሉ ምሰሶ በሁለት ክንድ አስበልጦ አቆመና፣ ያጨደው ሣር ለክዳኑ አልበቃ ብሎ ቤቱ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያፈስበት ከረመ። ጎተራም ሲያሠራ እንዲሁ ነው፤ የሚሞላው እህል ሳይኖረው ጎተራውን አገዘፈውና አይጦቹን ብቻ ተመቻቸው። ሚስቱ ፈንታነሽ፣ "የኔ ጌታ መቃብሩንም ሰፋ አድርጉልኝ ሳይል አይሞትም" እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ የሠራው ነገር ያን ያህል ባላንገበገበው ነበር።

ታዲያ ይህ ትልቅ ነገር ወዳድ ሰው የነበረው በሬ አንድ ብቻ ነው። ያውም መካከለኛ። በዚያ አገር ባለ አንድ በሬ ገበሬ እንደሱው ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው ፈልጎ ይቀናጃል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዱና ሁለት ቀን የአንዱ፣ ሁለት ቀን የሌላው ማሳ ይታረሳል። መቀናጆ ይሉታል። የደምለው መቀናጆ አያ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሞጣ ከተዳረችው ከልጃቸው ከጥሩአየሁ በቀር የቅርብ ዘመድ የሌላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት አብረው አርሰዋል። በሬዎቹ እንኳን ተለማምደው የደምለው ዳማ በቀኝ፣ የአያ ገብረ ሚካኤል ቡሬ በግራ ካልሆነ አይራመዱም። መቀናጆውን ሳያማክር በሬውን የሚሸጥ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የተጻፈ ሕግ የለም፤ ግን አንዱ በሬውን ከሸጠ የሌላው በሬ ቆሞ ሣር ከመብላት በቀር የሚሠራው ሥራ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ነው። ደምለው ለዘመድ ክርስትና በጭነት መኪና ተጭኖ ሞጣ ሄደ። ክርስትናው ካበቃ በኋላ ሰው ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ሲጎርፍ አየና ተከተለ። ገብረ ሕይወት የሚባል የሞጣ እህል ነጋዴ ትራክተር አስመጥቶ ነበር። ቀይ ነው። የኋላ ጎማው ከደምለው ቁመት ይበልጣል። ከበስተኋላው የሚጎትተው ማረሻ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ትልልቅ ሳህን የመሰሉ ስድስት ብረቶች ተደርድረው መሬቱን እየገለበጡ ይሄዳሉ። ደምለው ለስንቅ የያዘውን ዳቤ ቆርሶ በልቶ ሳይጨርስ፣ እሱና አያ ገብረ ሚካኤል አራት ቀን የሚለፉበትን ያህል መሬት ጥቁር ሆኖ ተገላበጠ።

ሲቆም ተጠግቶ ጎማውን በመዳፉ ዳበሰው። ትኩስ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ባንድ ቀን ምን ያህል ያርሳል?" አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ ፋንታ ይባላል፤ ከሸንኮራ አገዳ እርሻ ሥራ የመጣ፣ ፊቱ በአቧራ የተለበጠ ሰው ነው።

"እንደ መሬቱ ነው። ሜዳ ከሆነ ሰባት ስምንት ሄክታር።"

ደምለው ሄክታር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ቁጥሩ ግን ጣፈጠው።

"የአንተ መሬት እንዴት ነው? ሰፊ ነው? መዞሪያ አለው?" አለ ፋንታ። "ይሄ ማሽን ለትልቅ ሜዳ ነው የተሠራው። ጠባብ ቦታ አይሆንለትም።"

"ሞልቶ!" አለ ደምለው።

የደምለው ርስት አራት ቦታ የተበጣጠሰ ነው። አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሁለቱ ደግሞ ከሰው ማሳ መሃል እንደ መቀነት የተዘረጉ ናቸው። የሰፋው ማሳ ከወዲህ ጫፍ ወዲያ ጫፍ ድንጋይ ቢወረወር ያልፈዋል። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት የእሱ መሬት በዓይኑ ላይ ሰፍቶ ሜዳ ሆኖ ታየው። የነጋዴው ጸሐፊ ግንቦት ላይ ትራክተሩ ወደ ቢቸና እንደሚወርድና ሊያሳርስ የሚፈልግ ሰው እስከ ፋሲካ ድረስ ከፍሎ መመዝገብ እንዳለበት ነገረው።

መጋቢት ላይ ደምለው ዳማን ቢቸና ገበያ ነድቶ ሸጠው። ለአያ ገብረ ሚካኤል አልነገራቸውም። እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ገበያው ደረሰ። ገንዘቡን ይዞ ሞጣ ሄዶ የራሱን ስም አስጻፈ። የእሳቸውንም ለማስጻፍ አስቦ ነበር፤ ሲከፍል ግን ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ሆነበት። ሌላ ጊዜ እሞላዋለሁ ብሎ ተመለሰ።

ወሬው ቀደመው። በማግስቱ አያ ገብረ ሚካኤል ከደጁ መጡ።

"ደምለው፣ ዳማን ሸጠው አሉኝ። ታመመብህ እንዴ?"

"አልታመመም አያ። ትራክተር እኮ ሊመጣ ነው! በሬ ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል?"

"ለአንተስ ይሁን። እኔ ምን ልሁን?"

ደምለው የሽማግሌውን ፊት አየ። ቁጣ የለበትም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው። ያንን ፊት ማየት አቃተውና አፉ ቀደመው። "የእርስዎንም ስም አስጽፌያለሁ" አለ። "ከእኔ ቀጥሎ ነዎት።"

አያ ገብረ ሚካኤል ፊታቸው በራ። ትከሻውን ይዘው ሳሙት። "አሥራ አንድ ዓመት በከንቱ አልተቀናጀንም" አሉት። ለደምለው ድንበርተኛ ለባንቺዓለም ነገሩ፣ ለጎረቤታቸው ለይግዛው ነገሩ፣ ለሰንበቴ ማኅበርተኛው ሁሉ ነገሩ። ደምለው በሄደበት ሁሉ ሰው እያመሰገነ ያስቆመው ጀመር። ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ሞጣ ሄጄ አስጽፋቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። የሚከፍለው አላገኘም፤ አላስጻፈም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌው ምስጋናውን ማውራት ተዉ። ደምለው ረሱት መሰለው፤ ደስ አለው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ትራክተሩ መጣ። ከሞጣ እስከ ቢቸና ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ከሁለት ዓመት በፊት በመሬት ግብሩ ጊዜ የነበረው ረብሻ ገና ከሰው ልብ ስላልወጣ፣ መጀመሪያ አንዳንዱ ገበሬ መሬት ሊለካ የመጣ መስሎት ዱላውን ይዞ ወጥቶ ነበር። እንደማይለካ ሲረዱ ግን ሰው ሁሉ ከበበው። ሴቱ እልል አለ። ጸሐፊው ከሾፌሩ ጎን ተንጠልጥሎ ወረቀቱን ዘረጋ።

አያ ገብረ ሚካኤል ከማለዳው ጀምረው ቆመዋል። የክት ልብሳቸውን፣ ያጠቡትን ነጭ ኩታ ለብሰዋል። የማሳቸውን ድንጋይ ሳይቀር ለቅመው አጽድተው ነው የመጡት። ደምለው ከሰው ጀርባ ተሸሸገ። ጸሐፊው አምስት ስም ጠራ። ደምለው ሦስተኛ ነበር። ከአምስተኛው በኋላ ጸሐፊው ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው።

ሰው ሁሉ ወደ አያ ገብረ ሚካኤል ዞረ። ደምለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። የሚሰድቡት፣ የሚያጋልጡት መሰለው። እሳቸው ግን ኩታቸውን አስተካከሉና ከፍ ባለ ድምፅ፣ "ጸሐፊው ዘሎኝ ይሆናል። ሰው ነው፣ ይረሳል" አሉ። ከዚያም አልሄዱም፤ ትራክተሩ ሲያርስ እስከ ማታ ቆመው አዩ።

የታየውም ነገር እንዲህ ነው። ትራክተሩ ወደ ደምለው ሰፊ ማሳ ገባ፤ አንድ ጊዜ እያገሳ ቀጥ ብሎ ሄደና ከዳር ሲደርስ መዞር አቃተው። ቢዞር የባንቺዓለምን ማሳ ሊደፈጥጥ ነው። ባንቺዓለም ከድንበሯ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች፤ "በእኔ ላይ ካልሄድህ በቀር አታልፍም!" አለችው። ፋንታ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እየተሳደበ፣ ወደ ፊት እየሄደ መሃሉን ብቻ አርሶ ሁለቱን ጫፍ ተወው። እንደ መቀነት ወደተዘረጉት ማሳዎች ጭራሽ አልገባም። ወንዝ ማዶ ያለውንም አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። "ሰፊ ነው አላልኸኝም?" አለው። 

የታረሰውም ቢሆን አልሆነም። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደርቆ ስለነበር ብረቱ ከሥር ፈንቅሎ ያወጣው ጓል ሰው የሚቀመጥበት የሚያህል ነው። ጓሉን ለማድቀቅ ደግመው ደጋግመው በበሬ ማረስ ያስፈልጋል። በሬው ተሽጧል። በሦስተኛው ቀን ደመና ሲጠቁር ፋንታ ዝናብ ሳይዘው ወደ ሞጣ ሊመለስ ተነሳ፤ ጸሐፊውም ላልታረሰው መሬት የተከፈለውን ለደምለው መልሶለት ሄዱ።

በሳምንቱ አያ ገብረ ሚካኤል ዶማ ይዘው ማሳቸው ላይ ታዩ። በዚያ ወቅት ያልተቀናጀ በሬ የሚባል የለም፤ ለምነው አላገኙም። ባለ ርስት፣ ባለ በሬ ሰው፣ ያውም በዚያ ዕድሜ፣ የጤፍ ማሳውን በዶማ ሲቆፍር ማየት አንገት ያስደፋል። ቡሬ ከዳር ታስሮ ያያቸዋል። ደምለው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን መንገድ ቀየረ። በዚያ በኩል ካለፈ የዶማው ድምፅ ይሰማዋል።

ፈንታነሽ የምታውቀው ነገር የለም። "አያ ገብረ ሚካኤል እኮ በዶማ ያዙት። ያ የዘለላቸው ጸሐፊ እጁ ይቆረጥ!" አለችው አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች። ደምለው ጉርሻ የያዘ እጁን አየው። ነግሯት ቢገላገል ወደደ፤ ግን እሷ ደግሞ ዓይኗን ዞር ታደርግበታለች ብሎ ፈራ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

በዚያው ቀን ቆረጠ፤ በሬ ሊገዛ። ጸሐፊው የመለሰለትን ገንዘብ ያዘ፣ አህያውን ሸጦ ጨመረበት። ገበሬ በእርሻ ወቅት በሬውን ስለማይሸጥ ቢቸና ገበያ የረባ በሬ አጣ፤ ሞጣ ድረስ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አንድ ብልህ ነገር አድርጎ ነበር። አያ ገብረ ሚካኤል ቤት በሌሉበት ወደ ቡሬ ሄዶ ቁመቱን በገመድ ለክቶ ቆረጠ። የሚጠመዱ በሬዎች ቁመታቸው ካልተመጣጠነ እንደማይሆን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ሞጣ ገበያ ላይ አንድ ቀይ በሬ አገኘ። ገመዱን ከእግሩ እስከ ሻኛው ዘረጋው፤ ልክክ አለ። ገራም ነው፣ ቀንበር ያውቃል። ዋጋውን ተስማምቶ ሊከፍል እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድድ ከበስተኋላው ሰው መንገድ ሲለቅ ሰማ። ዞረ። ጥቁር በሬ እየመጣ ነው። ደረቱ የቤት በር የሚያህል፣ ሻኛው ወደ ጎን የተጋደመ፣ ሲራመድ መሬቱ ድም ድም የሚል። ደምለው ልቡ እንደ ልማዱ ዘለለ።

ያን ጊዜ ለራሱ የነገረውን ነገር ከዚያ በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ያፍር ነበር። የበደልኋቸው በደል ትልቅ ነው፤ በትንሽ በሬ አይካስም አለ። እኒያን የመሰሉ ሰው እንዲህ ያለ በሬ ነው የሚገባቸው አለ። ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ጥቁሩን ገዛ። አራት ቀን እየነዳ ሲመለስ በየመንገዱ ሰው ቆሞ በሬውን ሲያደንቅለት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ደስ ይለው ነበር።

አያ ገብረ ሚካኤል በሬውን ዞረው ዞረው አዩት። "ጌታ ነው!" አሉ። ከዚያ ቡሬን አዩ። 

"የእኔ ማሳ ይቆይ አያ። መጀመሪያ የእርስዎ ይታረስ" አለ ደምለው።

"እንግዲህ ካመጣኸው እንሞክረው።"

ጠመዷቸው። ቀንበሩ ተጋደመ። ጥቁሩ ረጅም እርምጃውን ሲዘረጋ ቡሬ እየተጎተተ፣ አንገቱ እየተጠመዘዘ ከኋላው ይሮጣል። ደምለው እርፉን ይዞ፣ "ይለምደዋል፣ ይለምደዋል" ይላል። አያ ገብረ ሚካኤል ከጎን ሆነው የቡሬን ቀንበር በትከሻቸው ደግፈው ይሄዱ ነበር፤ ሸክሙን ሊያቀልሉለት። በሁለተኛው ቀን የቡሬ አንገት ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ቆሰለ፣ አበጠ። በአራተኛው ቀን ከትልሙ መሃል ተንበረከከና አልነሳም አለ። ቀንበሩን ሲያወርዱለት ቆዳው አብሮ ተነሳ።

ሽማግሌው ቅቤ አምጥተው ቁስሉን ቀቡት። ዝንቡን በኩታቸው ጫፍ እያባረሩ ከጎኑ ተቀመጡ። ሰኔ ሊያልቅ ነው። ማሳው ሩቡ እንኳን አልታረሰም። ቡሬ ከእንግዲህ በዚያ ክረምት ቀንበር አይሸከምም።

ደምለው ያን ጊዜ አልቻለም። ከማሳው ዳር ትልቅ ድንጋይ አነሳና ይቅርታ እንደሚለምን ሰው አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከፊታቸው ተደፋ።

"አውርደው" አሉት። "ለዛሬ የአንድ አንገት ቁስል ይበቃናል።"

"አያ፣ ጸሐፊው አልዘለለዎትም። እኔ ነኝ። ስምዎን አላስጻፍሁም። ዋሸሁዎት።"

"አውቃለሁ።"

ደምለው ቀና አለ። "መቼ ዐወቁ?"

"ለፋሲካ ጥሩአየሁን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ አልነበር? እግረ መንገዴን ጸሐፊውን ጠየቅሁት። ስምዎ የለም አለኝ።"

"ከፋሲካ ጀምሮ!" ድንጋዩ ከደምለው አንገት ወደቀ። "ታዲያ ያን ዕለት ለምን መጡ? የክት ልብስ ለብሰው፣ ድንጋይ ለቅመው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ሰው መሃል…"

አያ ገብረ ሚካኤል ዝንቡን አባረሩ። "ደምለው አስጽፎልኛል ብዬ ላገሩ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ብቀር ለምን ቀረ ይላሉ። ምን ልበላቸው? ዋሽቶኝ ነው ልበል? ልጆች አሉህ። እኔ ባፍር አንድ ሰው ነኝ።"

ደምለው በግድ፣ "ለእኔስ ቢሆን ለምን አልነገሩኝም? ያኔ ገና ሚያዝያ ነበር። ሌላ መቀናጆ ባገኙ ነበር" አለ።

"አገኝ ነበር። ይግዛውም ጠይቆኝ ነበር፤ እሱም ያኔ ገና መቀናጆ አልያዘም ነበር።" ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። "እሺ ብለው ግን አንተ ሳትነግረኝ ነገሩን አወጣሁብህ ማለት ነው። ራሱ ይነግረኛል አልሁ። ከደጄ ባለፍህ ቁጥር ዛሬ ሊነግረኝ ነው እያልሁ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። እንዲህ ስል ሚያዝያ አለቀ።"

ደምለው ከመሬቱ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። አያ ገብረ ሚካኤል አላጽናኑትም፣ አልተቆጡትምም። የቡሬን ገመድ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ነዱት።

ማሳውን ሐምሌ ላይ ለይግዛው በእኩል ሰጡት፤ ለራሳቸው የደረሳቸው ግማሹ ብቻ ሆነ። ደምለው ካለችው ላይ አንድ ቁና ጤፍ ይዞ ቢሄድ ተቀብለው አመሰገኑት፤ በሳምንቱ ቁናውን ሽምብራ ሞልተው መለሱለት። ፈንታነሽ ሁሉንም ነገር ከራሱ አፍ ሰማች። ከዚያ በኋላ ቀልዷን ለብዙ ጊዜ አልሰማውም።

በተከታዩ መስከረም፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ደምለው ጥቁሩን ሸጦ ከቡሬ ጋር የሚመጣጠን በሬ ገዛ። ለማንም አላወራም። ነገ ወስጄ አሳያቸዋለሁ ብሎ ሲያስብ፣ አያ ገብረ ሚካኤል ዱላቸውን ይዘው ራሳቸው ከደጁ መጡ። አዲሱን በሬ አዩት፤ እጃቸውን ከሻኛው ላይ አሳረፉ። ጥሩ በሬ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ግባ ቢባሉ እንቢ ብለው እዚያው እንደቆሙ፣ "ለዘንድሮ ከይግዛው ጋር ተቀናጅቻለሁ" አሉት። "ገና ጊዜ አለህ፤ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ብዬ ነው አስቀድሜ ልነግርህ የመጣሁት።"

ደምለው፣ "እግዜር ይስጥልኝ አያ" አለ። እስከ ቤታቸው ደጃፍ ሸኛቸው።